ጠንካራ የተባለው ጥርስ

የብረት ስባሪው ባቄላ አያክልም። የባሌን ቢጫ ሄልሜት ከግራ ጆሮው ከፍ ብሎ በስቶ ገብቶ፣ ከውስጥ ያለው ስፖንጅ ላይ ነው የቆመው። በፒንሳ ጎትቼ አወጣሁትና በመሐረብ ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩት። ሞተሩን መቼ እንዳጠፋሁ፣ ከጋቢናው እንዴት እንደወረድኩ አላስታውስም። ባሌ ሲወድቅ አየሁ፤ ከዚያ አጠገቡ ነበርኩ።

«ደህና ነኝ። ቀስ በይ፣ አትጩሂ» ይለኛል፣ መሬት ላይ ተቀምጦ ጆሮውን በመዳፉ እንደያዘ። ያገኘውን ሰው ሁሉ ቀስ በል ስለሚል የሚያውቁት ሁሉ «አቶ ቀስ» ነው የሚሉት። ሞት ጭንቅላቱን አንኳኩቶ ሄዶ እንኳን ቀስ በይ ይለኛል! እኔ ደግሞ ገና አልጮህኩም ነበር። የጮህኩት ዓይኑን አይቼ፣ እጁን ጨብጬ፣ ስሜን አስጠርቼው በእርግጥ ደህና መሆኑን ካወቅኩ በኋላ ነው። የጮህኩትም በእሱ ላይ አይደለም። እዚያ ባልነበረ፣ እዚያ ኮረብታ ላይ እግሩ ረግጦ በማያውቅ ሰው ላይ ነው። በታላቅ ወንድሜ ላይ።

ነገሩ እንዲገባችሁ ስለ ማሽኗ ልንገራችሁ። እኛ «ወፍጮዋ» ነው የምንላት። በሰንሰለት የምትሄድ ከባድ ማሽን ናት፤ ከፊቷ ሰፊ የብረት ታምቡር አለ፤ ታምቡሩ ላይ ዙሪያውን ጡጫ ጡጫ የሚያካክሉ ጥርሶች በብሎን ታስረዋል። ታምቡሩ ሲሽከረከር ቁጥቋጦውንም፣ ግንዱንም፣ ጉቶውንም ፈጭታ መሬት ላይ ታነጥፈዋለች። አባታችን ሲሞት የተወልን እሷን ነው። ወንድሜ ቢሮውን ያዘ፣ እኔ ጋቢናውን ያዝኩ። ደንበኛ የሚያነጋግረው እሱ፣ ቀን የሚቀጥረው እሱ፣ ዕቃ የሚገዛው እሱ። አቧራ የምበላው እኔ። ባሌ ደግሞ ከእኛ ከፊት ርቆ እየሄደ ሣር ውስጥ የተደበቀ ድንጋይ ይፈልጋል፤ የቻለውን አንስቶ ይወረውራል፣ ያልቻለውን ቀይ ቀለም ይቀባል። ቀይ ሳይ ታምቡሩን ከፍ አድርጌ አልፋለሁ።

አሁን የያዝነው ሥራ ዳገት ላይ ነው። በበጋ እሳት ቢነሳ ከታች ያሉትን ቤቶች እንዳያገኛቸው የኮረብታውን ወገብ ዙሪያውን መመንጠር ነው። መሬቱ ግን መሬት አይባልም። ድንጋይ ነው፤ አፈሩ ለወጉ ያህል እላዩ ላይ ተነስንሷል። ባሌ ዓይኑ የንስር ቢሆን እንኳ ከአፈር በታች ያለውን ድንጋይ ከየት አምጥቶ ያየዋል?

አሮጌዎቹ ጥርሶች ያለቁ ጊዜ ለወንድሜ ደወልኩለት። «ጋሼ፣ መሬቱ ድንጋይ ነው፤ ጠንካራ ጥርስ ግዛልን» አልኩት። እንዲህ ነው ያልኩት፣ በዚሁ ቃል።

«እህት ዓለም» አለኝ፣ «ከጠንካራም ጠንካራውን ነው የማመጣልሽ!»

አመጣም። ካርቶኑን ስከፍተው አንጀቴ አረረ። ቀጭን፣ አፉ ስል የሆነ፣ ጫፉ ላይ ካርባይድ የሚባል ደረቅ ብረት የተበየደበት ጥርስ ነው። ለለስላሳ መሬት ከሆነ ወርቅ ነው፤ ግንዱን እንደ ሽንኩርት ነው የሚከትፈው። ድንጋይ ላይ ግን ይፈረካከሳል። ወዲያው መልሼ ደወልኩ። «ይሄ ለእኛ መሬት አይሆንም» አልኩት።

«ካርባይድ እኮ ነው! ከሱ የሚጠነክር ነገር ታውቂያለሽ?»

«ብርጭቆም ይጠነክራል ጋሼ። ወርውረህ እየው።»

«አንቺ ነሽ ጠንካራ ያልሽው። ገዛሁልሽ። አሁን ደግሞ ጠነከረብኝ ትያለሽ። ሞክሪው እስቲ፣ አሠሪያችን ሰውዬ ከዝናብ በፊት ጨርሱልኝ ብሎናል» አለና ስልኩን ዘጋብኝ። ጥርሴን ነክሼ አሰርኩት። ሲሰበር ደግሞ የመጀመሪያው ስባሪ የሄደው ወደ ባሌ ነው።

ሐኪሙ በመብራት እያየ «ታምቡሩ ነው የተጎዳው» ሲለኝ፣ ለአፍታ ስለ ማሽኗ የሚያወራ መስሎኝ ነበር። የጆሮውን ታምቡር ማለቱ ነው። ግራ ጆሮው ለጊዜው አይሰማም፤ ይድን ይሆናል፣ ላይድንም ይችላል። ባሌ ሐኪሙንም ቀስ ብለው ይንገሯት አለው።

በማግስቱ ጠዋት እሳት ጎርሼ እሳት ለብሼ ወንድሜ ቢሮ ገባሁ። ቢሮው አንድ ክፍል ነው። መስታወት የተነጠፈበት ጠረጴዛ፣ ከመስታወቱ ሥር የቤተሰብ ፎቶ፣ ፕላስቲኩ እስካሁን ያልተገፈፈ የእንግዳ ወንበር፣ የማትደርቅ የላስቲክ አበባ። ስልክ ላይ ነበር። ጣቱን ቀስሮ «አንዴ» አለኝ። ሄልሜቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ፤ ስባሪውን ከመሐረቡ ፈትቼ ከጎኑ አኖርኩት። መስታወቱ ላይ ቃ ሲል ስልኩን ዘጋ።

«በፈጣሪ! እንዴት ነው እሱ?»

«በአንድ ጆሮ ነው።»

«እሰይ፣ ዋናው ነፍሱ ናት። ተመስገን ነው!» አለና ስባሪውን አንስቶ ወደ መብራቱ ያዘው። ከዚያ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ «ስንት ጥርስ ነው የተሰበረው? የተሰበረውን ብቻ እንተካ» አለኝ።

ቱግ አልኩ። የወንበሩን ፕላስቲክ ጨምድጄ ይዤ ነው ራሴን የገዛሁት። «ጋሼ» አልኩት፣ «አንዱ ቀላል አንዱ ከባድ ጥርስ ከሆነ ታምቡሩ ይንቀጠቀጣል፤ እሱ ሲንቀጠቀጥ ማሽኗ ትፈታለች። ሁሉም ነው የሚቀየረው። ብሎኑም አዲስ ነው የሚሆነው። ደግሞ ዛሬ አንተ ብቻህን አትገዛም። ተነስ፣ አብረን ነው የምንሄደው።»

«ቆይ፣ ሰው ቀጥሬያለሁ...»

«ተነስ አልኩህ!»

ተነሳ። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ተናግሬው አላውቅም። ሄልሜቱን ክንዴ ላይ አንጠልጥዬ፣ ስባሪውን ኪሴ ከትቼ ተከተልኩት። መኪናውን ለማስነሳት ወጣ ባለበት ትንሽ ጊዜ ውስጥ ለእናቴ ደውሎላት ኖሯል፤ ገና መንገድ ላይ ሳለን ስልኬ ጮኸ።

«ልጄ» አለችኝ እናቴ፣ «ምነው ወንድምሽን አስጨነቅሽው? እሱ ልቡ ስስ ነው። አንቺ ጠንካራ ነሽ። ቻል አድርጊው።»

ይቺን ቃል ከእናቴ አፍ ስሰማት የኖርኩት ናት። አባቴን ያስታመምኩት ጠንካራ ስለሆንኩ ነው። ትምህርቴን አቋርጬ ጋቢና የወጣሁት ጠንካራ ስለሆንኩ ነው። ወንድሜ በሱፍ፣ እኔ በቱታ የቀረነው እኔ ጠንካራ እሱ ስስ ስለሆንን ነው። ሰው ጠንካራ ነሽ ሲልሽ እያመሰገነሽ አይደለም፤ የሚጭንብሽን እያዘጋጀ ነው። «እማ፣ ባሌን ሊገድልብኝ ነበር» አልኳት። «ተመስገን ነው፣ ተርፏል አይደል?» አለች። ስልኩን ዘጋሁት። ወንድሜ መሪውን ይዞ ወደፊት ያያል፤ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሏል።

መለዋወጫ ሱቋ ጠባብ ናት። እስከ ጣሪያው ድረስ መደርደሪያ ነው፤ በዘይት ወረቀት የተጠቀለለ ኩሽኔታ፣ ቺንጋ፣ ማጣሪያ፣ ቱቦ። ባለቤቷ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ትቀመጣለች፤ ገበያተኛው ሁሉ «እትዬ» ነው የሚላት። ነገር አታበዛም። ባንኮኒው ላይ ጥቁር የጎማ ምንጣፍ አለ፤ ብረት የሚታየው እዚያ ላይ ነው።

ስባሪውን ምንጣፉ ላይ አስቀመጥኩላት። መነጽሯን አደረገችና አገላበጠችው።

«ይሄ የእኔ ዕቃ ነው» አለች። «ምን መሬት ላይ ነው?»

«ድንጋይ» አልኩ።

«ድንጋይ ላይማ ይሄን ማን አሰረው?» ብላ ቀና ስትል ወንድሜን አየችው። መነጽሯን አወለቀች። «እርስዎ ነዎት እንዴ?»

ወንድሜ ሳቅ አለ፤ ከአንገት በላይ የሆነች ሳቅ። «እህቴ ጠንካራ ጥርስ ብላ ነው ያዘዘችኝ፤ እኔም ጠንካራ ብዬ ነው እርስዎን የጠየቅኩት። አሁን ደግሞ ጥፋቱ የእኔ ሆነ።»

«ጠንካራ ሁለት ዓይነት ነው ወንድሜ» አለች እትዬ። ከኋላዋ ካለው መሳቢያ ሁለት ጥርስ አውጥታ ምንጣፉ ላይ ጎን ለጎን አኖረች። አንዱ ያ ቀጭኑ፣ ስሉ ነው። ሌላው ወፍራም፣ አፍንጫው ደነዝ፣ መልኩ የማያምር፤ ካርባይዱ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ በወፍራም ብረት ታቅፏል። «ይሄ ስሉ አያልቅም፤ ግን ይሰበራል። ይሄ ደነዙ ያልቃል፤ ግን አይሰበርም። ድንጋይ ሲመታው ምቱን ብረቱ ይቀበለዋል። ሥራው ቀርፋፋ ነው፣ ናፍጣም ይበላል፣ እንጨቱንም አሳምሮ አይፈጭም። ድንጋይ ላይ ግን የሚኬደው በእሱ ነው። ሁለቱም ጠንካራ ናቸው።»

«ይኸው!» አለ ወንድሜ እጁን አጨብጭቦ፣ ከፍርድ ቤት በነፃ የተለቀቀ ይመስል። «የቃል ነገር ነው። ቃሉ ነው ያጣላን! እሷ አንዱን ጠንካራ አለች፣ እኔ ሌላውን ጠንካራ ሰማሁ። በቃ።»

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ለአንድ አፍታ ንዴቴ በረድ አለ። ወንድሜ ነው፤ አባቴ ከሞተ ወዲህ ጋሼ የምለው ሌላ ሰው የለኝም። የቃል ስህተት ከሆነ ይቅር እለዋለሁ ብዬ አሰብኩ። ቃል ደግሞ ማንንም ያሳስታል።

እትዬ ግን ስሟ እንዲጠፋ አልፈለገችም። «ይቅርታ፣ የቃል ነገር አይደለም» አለች። «እኔ ዕቃዬን ሳልጠይቅ አልሸጥም። ያን ጊዜም ሁለቱንም እዚሁ ላይ አስቀምጬልዎታለሁ። ድንጋይ አለ ወይ ብዬ ጠይቄዎታለሁ።»

«ብዙ ነገር ነው የተነጋገርነው...» አለ ወንድሜ።

«'አለ፣ ግን ሥራው ቶሎ ማለቅ አለበት' አሉኝ። ድንጋይ ካለ ስሉ ይሰበራል አልኩዎት። 'ግድ የለም፣ ከፊት ሰው አለን' አሉኝ። 'ድንጋዩን የሚያነሳ ሰው አለን።' እኔ ደግሞ ሰው ካለ ይሁን ብዬ ሸጥኩ።»

ሰው አለን።

ሱቁ ውስጥ ያለው ሁሉ ብረት አናቴ ላይ የወረደ መሰለኝ። ወንድሜ የሚሰበር ጥርስ መሆኑን ያውቃል። ድንጋይ መኖሩን ያውቃል። ጥርሱ እንዳይሰበር የሚጠብቅለትን ነገር አስቦ፣ አስልቶ፣ የእኔን ባል አገኘ። ባሌ ለእሱ የጥርሱ መከላከያ ነው፤ እንደ ጎማ ምንጣፉ፣ እንደ ስፖንጁ።

መጮህ ፈልጌ ነበር። ድምፄ ግን ቀጭን ሆኖ ነው የወጣው። «'ሰው' ያልከው ማንን ነው ጋሼ?»

«እህት ዓለም፣ እኔ በክፋት...»

«ማንን ነው? ስም የለውም? ሰርግህ ላይ ሚዜህ የነበረ ሰው፣ ልጆችህ አጎቴ የሚሉት ሰው፣ ሰው አለን?»

«እሱ እኮ ጠንቃቃ ነው፤ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው፤ ራሱን ይጠብቃል ብዬ ነው!» አለ። ይባስ ብሎ አሁን ደግሞ የባሌን ጠንቃቃነት መልሶ መከራከሪያ አደረገው። ሄልሜቱን ከክንዴ ላይ አንስቼ፣ እትዬ እያየች፣ ወንድሜ ጭንቅላት ላይ ደፋሁት። በኃይል ነው የደፋሁት። ከአናቱ ጠበብ ይላል፤ ቀዳዳው ልክ ከግራ ጆሮው በላይ ዋለ።

«እሺ» አልኩት። «አሁን ምረጥ። ስሉንም ደነዙንም እያየኸው ነው። እኔ አንድ ቃል አልናገርም፤ አንተ ነህ ዕቃ የምትገዛው፣ አንተው ምረጥ። የመረጥከውን ዛሬ ከሰዓት አስረዋለሁ። ነገ ጠዋት ግን ከፊት የምትሄደው አንተ ነህ። ቀለሙን ይዘህ፣ ይሄን ሄልሜት አድርገህ፣ ድንጋይ እየፈለግህ። የማሽኗ ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነው። አንተ ካልመጣህ አትነሳም፤ ዝናቡም ይምጣ፣ ሰውየውም ይክሰሰን።»

ወንድሜ እትዬን አየ፤ እሷ መነጽሯን ትጠርጋለች። እኔን አየኝ። የቀለድኩ መስሎት ፊቴን ፈለገ፤ ቀልድ አላገኘም። እጁን አንስቶ የሄልሜቱን ቀዳዳ በጣቱ ዳበሰው።

ከዚያ ምንጣፉን አየ። አላመነታም። ዋጋ አልጠየቀም። ስንት ቀን ያዘገየናል አላለም። ናፍጣ ምን ያህል ይበላል አላለም። እህት ዓለም አላለም። ጣቱ ቀጥ ብሎ ደነዙ ላይ አረፈ።

«ይሄን» አለ። «ሁሉንም በዚህ ይቀይሩልን። ብሎኑንም አዲስ ያድርጉልን።» ትንሽ አሰበና ደግሞ፣ «ጥርሱ የሚታሰርበት መቀመጫ ተሰንጥቆ እንደሆነስ? እሱም መታየት አለበት» አለ።

እትዬ ዕቃውን ልታወጣ ወደ ውስጥ ገባች። እኔ እዚያው ደረቅኩ። የፈለግኩት ይሄን አልነበር? ደነዙን ነበር የፈለግኩት፤ ደነዙ ተገዛ። አሸነፍኩ። ግን እንዲህ ተናድጄ አላውቅም፤ በባሌ ሄልሜት ውስጥ ስባሪውን ሳይ እንኳን እንዲህ አልተናደድኩም። መቀመጫው ቢሰነጠቅ ጥርሱ ከነብሎኑ ተነቅሎ እንደሚወጣ ማን ነገረው? እኔ አልነገርኩትም። እትዬም አላነሳችውም። አባታችን ነው ያስተማረን፣ ሁለታችንንም፣ በአንድ ቀን፣ አንድ ታምቡር ሥር አስተኝቶ። ረስቶታል ብዬ ነበር። ምንም አልረሳም።

ካርቶኖቹን መኪናው ላይ ስንጭን ሄልሜቱን አወለቀ። ላቡን ጠረገና፣ ረጋ ብሎ፣ እንደ ሽማግሌ፣ «እንግዲህ በዚህኛው ጥርስ ከሆነ ብዙም አያሰጋም» አለኝ። «ጆሮው ሻል ካለው እሱ ራሱ ቢሄድ ምን አለበት? እኔ መሬቱን አላውቀውም።»

«ነገ ጠዋት ታውቀዋለህ» አልኩት።

«ምነው እንዲህ ጠነከርሽብኝ?» አለ።

የመጨረሻውን ካርቶን አንስቼ መኪናው ላይ ጫንኩ።

ከሰዓት በኋላ ወፍጮዋን ከኮረብታው ሥር ያለው ሜዳ ላይ አቁሜ፣ ታምቡሩን በድጋፍ እንጨት ላይ አሳርፌ፣ የተረፉትን ስል ጥርሶች አንድ በአንድ መፍታት ጀመርኩ። ባሌ ቤት አርፎ ይተኛ ብዬው እምቢ ብሎ መጣ። ጥጥ ጆሮው ውስጥ ወትፎ፣ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጦ፣ አዲሶቹን ጥርሶች እየጠረገ ያቀብለኛል። መቀመጫዎቹን በብረት ብሩሽ ፋቅኋቸው፤ አንዱ ተሰንጥቋል። ለብየዳ ምልክት አደረግኩበት። ወንድሜ ትክክል ነበር፤ ይሄም አናደደኝ።

ባሌ ደነዙን ጥርስ በእጁ መዘን መዘን አደረገው፤ አፍንጫውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፤ ብረቱን አየ፤ ፊቱ በራ።

«እንዲህ ነው እንጂ!» አለ። «ይሄ ነው ለእኛ መሬት። አንቺ ነሽ የመረጥሽው?»

«ጋሼ ነው።»

«እሱ ራሱ?»

«እሱ ራሱ። ማንም ሳይነግረው።»

ባሌ ደስ አለው። ከልቡ ነው ደስ ያለው፤ ወንድሜን ይወደዋል። «አየሽ፣ ሁልጊዜ ትቆጪዋለሽ እንጂ» አለኝ፣ «ድሮም ያውቅበታል ማለት ነው።»

መፍቻውን ብሎኑ ላይ አስገባሁና ሙሉ ሰውነቴን ጣልኩበት። ብሎኑ ጠበቀ። ደግሜ ጣልኩበት።

«ያውቅ ነበር» አልኩት።

በግራ ጆሮው በኩል ስለነበርኩ አልሰማኝም። ሌላ ጥርስ አንስቶ ጠረገና ሲያቀብለኝ፣ እጄን አይቶ፣ «ቀስ በይ እንጂ፣ ብሎኑን ትቆርጪዋለሽ» አለኝ።